ባዶነትን መፍራትና የማይታወቀውን መፍራት አንድ ነው?

ማለዳ

ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ ግን የምጠይቀው ሰው ስላጣሁ እናንተን ልጠይቅ።

አባቴን ለዓመታት ሳስታምም ቆየሁ። ዘንድሮ አረፈ። ስለ ሐዘኑ አይደለም የምጽፈው፤ እሱን ከቤተሰብ ጋር እየተወጣነው ነው። ከሐዘኑ ጀርባ ሌላ ነገር መጣብኝ። ቀኔ ባዶ ሆነ። ድሮ ዓይኔን ስገልጥ ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር። መድኃኒት፣ ገላ ማጠብ፣ ሐኪም ቤት፣ እንደገና መድኃኒት። የመድኃኒቱ ማንቂያ አሁንም ማታ 2 ሰዓት ላይ ስልኬ ላይ ይጮኻል። ላጠፋው አልቻልኩም። ሲጮህ ብድግ እላለሁ። ከዚያ ምንም የምሠራው የለም። ቆሜ የምቀርባት ያቺ ደቂቃ ናት የምታስፈራኝ። ልቤ ይመታል፣ እጄ ይቀዘቅዛል። ቴሌቪዥኑንም ሬዲዮውንም አንድ ላይ ከፍቼ እቀመጣለሁ።

ሌላው ደግሞ ወደፊት ምን እንደምሆን አለማወቄ ነው። የለቀቅሁት መሥሪያ ቤት «ተመለሽ» እያለኝ ነው። እዚያ ስሠራ ደስተኛ አልነበርኩም። በየቀኑ ሆዴን እያመመኝ ነበር የምገባው። ግን የማውቀው ቦታ ነውና ልመለስ ልመለስ ይለኛል። ሌላው መንገድ ምን እንዳለው አይታየኝም።

ባዶነትን መፍራትና የማይታወቀውን መፍራት አንድ ነገር ነው? ሁለት ከሆነ መፍትሔውም ሁለት ይሆናል ብዬ ነው የምጠይቀው።

የመጽሐፍ ወዳጅ

እህቴ ማለዳ፣ ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናሽ።

እኔ ሁለት ናቸው ባይ ነኝ። የማይታወቀውን ስትፈሪ አንድ ነገር ይመጣል ብለሽ ነው፤ ምን እንደሆነ ነው የማታውቂው። ባዶነትን ስትፈሪ ደግሞ ምንም አይመጣም ብለሽ ነው። አንዱ በር ይንኳኳል የሚል ፍርሃት ነው፤ ሌላው በር የሚያንኳኳ የለም የሚል።

ስለ መጀመሪያው የሚታወቅ ጥናት አለ። በ2016 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ነው። 45 ፈቃደኞችን ኮምፒውተር ላይ አስቀምጠው ድንጋይ እያሳዩ «ከሥሩ እባብ አለ ወይስ የለም?» ብለው ያስገምቷቸው ነበር። እባቡ ከወጣ እጃቸው ላይ የሚያም የኤሌክትሪክ ንዝረት ይደርሳቸዋል። ላባቸውንና የዓይናቸውን ብሌን እየለኩ ተከታተሉ። ሰው ይበልጥ የተጨነቀው መቼ ይመስላችኋል? ንዝረቱ እርግጠኛ ሲሆን አልነበረም። ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ሲሆን ነው። «በእርግጥ ያመኛል» ብሎ የሚጠብቅ ሰው «ምናልባት ያመኝ ይሆናል» ከሚለው ሰው ያነሰ ተጨንቋል።

እኔን ይህ በጣም ነው የሚነካኝ። የሚያደቅቀን ክፉው ነገር ራሱ ሳይሆን መሐል ላይ መንጠልጠሉ ነው። የቀድሞ ሥራሽ የሚስብሽም ለዚህ ይመስለኛል። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይባል የለ?

ዳንኤል ኤልስበርግ የተባለ ሰው በ1961 ይህንኑ በቁማር ምሳሌ አሳይቶታል። በአንደኛው ሣጥን ውስጥ 50 ቀይና 50 ጥቁር ኳስ አለ። በሁለተኛውም 100 ኳስ አለ፤ ቀዩ ስንት፣ ጥቁሩ ስንት እንደሆነ ግን አይታወቅም። አብዛኛው ሰው በቀይም ይወራረድ በጥቁር የመጀመሪያውን ሣጥን ነው የሚመርጠው። ሁለተኛው ይከፋል የሚያሰኝ አንድም ማስረጃ የለም። አለመታወቁ ብቻ በቃው። አንቺም «የማላውቀው መንገድ ከድሮው ይከፋል» የሚል ማስረጃ እጅሽ ላይ እንዳለ ራስሽን ጠይቂ።

ቀጥተኛው

ማለዳ፣ አብዝተሽ አታስቢ። ሥራ ያዢ። ኮርስ ጀምሪ፣ ስፖርት ሥሪ፣ ቀኑን ሙሉ ራስሽን ወጥሪ። ሥራ የፈታ አእምሮ ነው ፍርሃት የሚፈለፍለው። እናቴ ስትሞት እኔ እንደዚያ ነው የተወጣሁት። ጥናቱንም አላጣጥልም፤ ግን ላቦራቶሪ ውስጥ ያለ ንዝረትና የሰው ሕይወት ለየቅል ናቸው።

አዳማጭ

ቀጥተኛው፣ ሐሳብህ ከቅንነት እንደመጣ ይገባኛል። ግን ይህ ምክር ለሁሉም አይሆንም። በሙያዬ የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ፤ «ራስህን ወጥር» ተብለው ቆይተው የተዳከሙ ሰዎች ነው በብዛት የሚመጡልኝ።

በ2014 ቲሞቲ ዊልሰንና ባልደረቦቹ ሰዎችን አንድ ባዶ ክፍል አስገብተው ያለ ስልክ፣ ያለ መጽሐፍ ከ6 እስከ 15 ደቂቃ ከሐሳባቸው ጋር ብቻ እንዲቀመጡ አደረጉ። ብዙዎቹ አልወደዱትም። ከዚያ በአንዱ ሙከራ ላይ አንድ ቁልፍ ተጨመረ። ሲጫኑት ራሳቸውን ይነዝራቸዋል። አስቀድመው ቀምሰውት «ይህ እንዳይደገምብኝ ገንዘብ እከፍላለሁ» ያሉ ሰዎች ናቸው። ሆኖም በ15 ደቂቃ ውስጥ ከ18 ወንዶች 12ቱ፣ ከ24 ሴቶች 6ቱ ቁልፉን ቢያንስ አንዴ ተጫኑት። ማንም አላስገደዳቸውም።

ባዶነትን ለመሸሽ ሰው ሕመምን እንኳ ሊመርጥ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ «ሙላው» ከማለታችን በፊት «በምን?» ብለን እንጠይቅ። ማለዳ ሆድ ወደሚያሳምማት ሥራ ብትመለስ ቀኗ ይሞላል። ግን ያ ቁልፉን መጫን ሊሆን ይችላል።

ማለዳ

አዳማጭ፣ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኳት። አመሰግናለሁ።

የመጽሐፍ ወዳጅ፣ ማስረጃ እንዳለኝ ጠይቀኸኛል። የለኝም። ለቀድሞው ሥራ ግን ማስረጃ አለኝ፤ መጥፎ እንደነበር አውቃለሁ። እንዲህ በጽሑፍ ሳየው ይገርማል።

ቀጥተኛው፣ ያንተንም አልጣልኩትም። እናትህን ነፍስ ይማር።

ባሮሜትር

በዕድሜ ልክ የፊዚክስ ፍቅሬ ስም ጣልቃ ልግባ፤ ታሪኩ ከርዕሱ ጋር ይሄዳል።

ከአርስቶትል ጀምሮ ለሁለት ሺህ ዓመታት ገደማ ብዙ ሊቃውንት «ፍጹም ባዶ ቦታ ሊኖር አይችልም» ይሉ ነበር። በኋላ ዘመን ይህ «ተፈጥሮ ባዶነትን ትጸየፋለች» ወደሚል አባባል ተለወጠ። ውኃ በቱቦ ሲሳብ ወደ ላይ የሚወጣው ተፈጥሮ ባዶ ቦታ እንዳይፈጠር ስለምትፈራ ነው ተባለ። ፍርሃቱን ለተፈጥሮ ሰጧት።

በ1643 ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ አንድ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ አንድ ጫፉ የተደፈነ የመስታወት ቱቦ በሜርኩሪ ተሞልቶ በሜርኩሪ ገንዳ ውስጥ ሲገለበጥ ምን እንደሚሆን አሳየ። ሜርኩሪው እስከ 76 ሴንቲ ሜትር ግድም ወርዶ ቆመ። ከላይ ባዶ ቦታ ቀረ። ሰማይ አልተደረመሰም።

ብሌዝ ፓስካል ደግሞ በ1648 አማቹን ቱቦውን ይዞ ፑይ ደ ዶም የሚባል የፈረንሳይ ተራራ ላይ እንዲወጣ አደረገ። ከፍ ሲል ሜርኩሪው ዝቅ አለ። ተፈጥሮ ባዶነትን የምትፈራ ቢሆን ተራራ ላይ ፍርሃቷ ለምን ይቀንሳል? ለካ ሜርኩሪውን ደግፎ የያዘው ባዶውን መፍራት አልነበረም። ከውጭ የሚጫነው የአየር ክብደት ነው። ከፍ ባሉ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ጫናውም ይቀንሳል።

ማለዳ፣ ይህን የማወራው ለትምህርት ብቻ አይደለም። ጽሑፍሽ ላይ ባዶው ደቂቃ እየጎተተሽ እንደሆነ ነው የሚነበበው። እኔ ግን ከውጭ ምን እንደሚጫንሽ ነው የምጠይቀው። ሰዎች ምን እያሉሽ ነው?

ስለ ፓስካል አንድ ነገር ልጨምር። ባዶ ቦታ እንዳለ ለማሳመን ያን ያህል የደከመው ይኸው ሰው፣ የሰማይ ስፋትና ዝምታ እንደሚያስፈራው ጽፎ ትቶ ነው የሞተው። አውቆታል፣ ለክቶታል፣ አሁንም ፈርቶታል። እኔን ያጽናናኛል ይህ። የሚፈራ ሰው አላዋቂ ስለሆነ አይደለም።

ማለዳ

ባሮሜትር፣ የሚሉኝን ልንገርህ? «አሁንስ ምን አሰብሽ?» «ዕድሜሽም እየሄደ ነው።» «ያን ሁሉ ጊዜ ያለ ሥራ ተቀምጠሽ ማን ይቀጥርሻል?» አንዷ ዘመዴ በየሳምንቱ ትደውላለች። ስልኩ ሲጠራ ነው ደረቴን የሚጨንቀኝ። ማታ 2 ሰዓት ላይ ብቻዬን ስቆም በጆሮዬ የሚመጣውም የእሷ ድምፅ ነው። ይህን አያይዤው አላውቅም ነበር።

እናት ነኝ

ማለዳዬ፣ አይዞሽ።

እኔ ስለ ሕፃናት ላውራ። በ1960 ኤሊነር ጊብሰንና ሪቻርድ ዎክ የሠሩት ሙከራ አለ። ወፍራም መስታወት የተነጠፈበት ጠረጴዛ አዘጋጁ። ከመስታወቱ ሥር ግማሹ ቅርብ ወለል ነው፤ ግማሹ ጥልቅ ገደል ይመስላል። መዳህ የጀመሩ ሕፃናትን መሐል ላይ አስቀምጠው እናቶቻቸው ከወዲያ ይጠሯቸዋል። አብዛኞቹ በገደሉ በኩል እምቢ አሉ። ባዶ ነገር ከፊታቸው ሲታይ መፍራትን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራቸውም።

ይበልጥ የምወደው ግን በ1985 የወጣውን ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች ገደሉን አሳነሱት። ሕፃኑ ይሻገር አይሻገር የሚያመነታበት ያህል ብቻ አደረጉት። እናትየዋ ከወዲያ ማዶ ቆማ አንዳች ቃል ሳትናገር ፊቷን ብቻ ታሳየዋለች። ፈገግ ያሉት እናቶች ጋ ከ19 ሕፃናት 14ቱ ተሻገሩ። የፈራ ፊት ያሳዩት ጋ ከ17ቱ አንድም አልተሻገረም። መስታወቱ ያው ነው። ጥልቀቱም ያው ነው።

ያቺ ዘመድሽ የፈራ ፊት ናት። ክፉ ናት አላልኩም፤ ስለምትወድሽ ይሆናል የምትፈራው። ግን ለመሻገር እሷን እያየሽ አይሆንም። ከወዲያ ማዶ ፈገግ የሚል ሰው አለሽ? አንድ ሰው ይበቃል። ምክር ባይኖረው እንኳ ስትነግሪው የማይደነግጥ ሰው ፈልጊ።

ድምፅ አልባ

ይቅርታ፣ ክሩን ልወስድባችሁ አይደለም። ግን የመጽሐፍ ወዳጅ ስለ «ግማሽ በግማሽ» የጻፍከውን ካነበብኩ ጀምሮ ልቤ አላረፈም።

የሐኪም ቤት ምርመራ ውጤት በፖስታ ተሰጥቶኝ መሳቢያ ውስጥ አለ። አልከፈትኩትም። በመሳቢያው በኩል ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ። ካልከፈትኩት ጤነኛ ነኝ። ከከፈትኩት ምናልባት አይደለሁም። ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው።

ቀጥተኛው

ወንድሜ (ወይም እህቴ)፣ ነገ አትበል። ዛሬውኑ ክፈተው። ሕመም ቢሆን እንኳ ቀድሞ የታወቀ ሕመም ይሻላል። ወረቀቱ ላይ ያለው ነገር መሳቢያ ውስጥ ስለተቆለፈ አይለወጥም። ጊዜው ነው የሚያልፈው።

አዳማጭ

በዚህ ከቀጥተኛው ጋር እስማማለሁ። ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ።

አለማወቅን መምረጥ ሁልጊዜ ፈሪነት አይደለም። የሀንቲንግተን በሽታን ውሰዱ። በዘር የሚተላለፍ፣ እስካሁን ፈዋሽ መድኃኒት ያልተገኘለት የአንጎል በሽታ ነው። ዘረመሉ በ1993 ተለይቶ ስለታወቀ ሰው ምልክቱ ሳይጀምረው በፊት ተመርምሮ ማወቅ ይችላል። ወላጁ የታመመበት ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ያው ግማሽ በግማሽ። ሆኖም ከእነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ላለመመርመር ይመርጣሉ። አስበው፣ ከቤተሰብ ተማክረው «ሳላውቅ ልኑር» ብለው ይወስናሉ። እነሱ መሐል ላይ አልተንጠለጠሉም። ወስነዋል።

ድምፅ አልባ፣ አንተ ግን ከጻፍከው እንደምረዳው አልወሰንክም። በመሳቢያው በኩል ባለፍክ ቁጥር እንደገና ትመርጣለህ። እሱ ነው የሚያደክምህ። ደግሞም ያንተ ሕመም፣ ካለ፣ ሕክምና ሊኖረው ይችላል። ብቻህን አትክፈተው። «እናት ነኝ» ያለችው ፊት ላንተም ያስፈልጋል።

ሽማግሌው

ልጆቼ፣ በደንብ አንብቤያችኋለሁ። ስለ ባዶ ጊዜ ጥቂት ልበል። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የማውቀው ነገር ነው።

በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የነበረ ኤዋግሪዎስ የሚባል መነኩሴ ይህን ስሜት ጽፎታል። «የቀትር ጋኔን» ይለዋል። በዳዊት መዝሙር የምናውቀው ስም ነው። መነኩሴው በበዓቱ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ ይመጣበታል። ፀሐይ የቆመች ይመስለዋል። ቀኑ አልመሽ ይላል። በመስኮት እየደጋገመ ይመለከታል፤ የሚመጣ ወንድም ካለ ብሎ ያማትራል። ከዚያ ቦታውን ይጠላል፣ ሥራውን ይጠላል። ወዳጆቹ ሁሉ የከዱት ይመስለዋል። ሌላ ቦታ ቢሄድ ሁሉ ነገር እንደሚቃናለት ያስባል። ይህ ከ1600 ዓመት በፊት የተጻፈ ነው። ያኔ ስልክ አልነበረም።

ምክሩ «በዓትህን ትተህ አትሂድ» ነው። ቆይ፣ ታገስ፣ እጅህ ላይ ያለውን ሥራ ሥራ። ከትግሉ በኋላ ሰላም ይመጣል ይላል። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ባዶው ሰዓት በመጣ ቁጥር ከሸሸነው፣ የሸሸነው ምን እንደሆነ ሳናውቅ እንቀራለን።

ማለዳ ልጄ፣ ለአባትሽ ያደረግሽው በረከት አለው። አንድ ቀን ማንቂያው ሲጮህ ቴሌቪዥኑን ሳትከፍቺ ቁጭ በይ። ረጅም አይሁን። ምን እንደሚመጣ እዪው።

ማለዳ

አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ የነገሩኝን ሞከርኩ።

ማንቂያው ጮኸ። ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ ልቤ እንደ ሁልጊዜው መታ። የዘመዴ ድምፅ መጣ። አለፈ። ከዚያ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ፤ ንዴት። በአባቴ ላይ ሳይሆን በእነዚያ ዓመታት ላይ። ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ። ለቅሶው ሲያልቅ ድካም ብቻ ቀረ። የፈራሁት ባዶ ነገር ውስጡ ይህ ሁሉ ነበር። ባዶ አልነበረም ማለት ነው። ጥሩ ስሜት ነበር ልላችሁ አልችልም። ግን እጄ አልቀዘቀዘም።

የመጽሐፍ ወዳጅ

ማለዳ፣ ይህ የእኔን ሐሳብ ትንሽ ያናውጠዋል። ሁለት ፍርሃት ናቸው ብዬ ነበር። ያንቺ ባዶነት ግን ውስጡ ምን እንዳለ ያልታወቀ ነገር ሆኖ ተገኘ። የማታው ፍርሃት ወደ ውስጥ የሚያይ ነው፤ የሥራው ወደ ፊት። ያም ሆኖ መፍትሔያቸው አሁንም የተለያየ ይመስለኛል። ለማታው መቀመጥ ረዳሽ። ለሥራው ግን መቀመጥ አይረዳሽም፤ መጠየቅና መወሰን ያስፈልገዋል።

አዳማጭ

ጥሩ አድርገህ ለየኸው። ለሁለተኛው በምክር ሥራችን የምንጠቀምበትን ልንገራችሁ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በካናዳ ያሉ ተመራማሪዎች «እርግጠኛ አለመሆንን አለመቻል» የሚሉትን ነገር ከከባድ ጭንቀት ጋር አያይዘው ሲያጠኑ ቆይተዋል። ሕክምናው የሚጀምረው በጥቃቅን ነገር ነው። መልእክት ሦስቴ ሳታነቡት መላክ። የማታውቁትን መንገድ ካርታ ሳታዩ መሄድ። ከዚያ በፊት «ምን ክፉ ነገር ይከተላል?» ብላችሁ በወረቀት ትጽፋላችሁ። በኋላ የሆነውን ከጻፋችሁት ጋር ታስተያያላችሁ። ብዙ ጊዜ የፈሩት አይደርስም፤ ቢደርስም ሰው ካሰበው በላይ ይችለዋል። ቀስ በቀስ ወደ ትልልቁ ትሄዳላችሁ።

እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ከቀረ፣ ወይም «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን በዚህ ብቻ አትወሰኑ። ባለሙያ ዘንድ ሂዱ። ይህን ለሁላችሁም ነው የምለው።

ቀጥተኛው

እኔ አሁንም ሥራ ሰውን ያድናል ባይ ነኝ። ግን ማለዳ ሆዷን ወደሚያማት ቦታ ትመለስ አልልም። ማለዳ፣ ያንን አታድርጊው።

ድምፅ አልባ

ከፈትኩት።

ታላቅ እህቴን ጠርቼ ነገርኳት። አልደነገጠችም። «አምጣው» ብቻ አለችኝ። እሷ ናት ያነበበችው። መልሱ ግን አዎም አይደለም፣ አይደለምም አይደለም። ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል ይላል። ስለዚህ አሁንም አላውቅም።

ልዩነት ካለ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አለ። ያኔ የምጠብቀው ነገር ቀን አልነበረውም። አሁን ማክሰኞ የሚባል ቀን አለው። ለሐኪሙ የምጠይቃቸውን ጥያቄዎች እህቴ እየጻፈች ነው፤ እኔ እነግራታለሁ። እስከዚያ ፍርሃቱ አለ። ዛሬ ግን በሰላም በላሁ።

እናት ነኝ

ተመስገን። ለእህትህ ሰላም በልልኝ። የማክሰኞውን እዚህ መጥተህ ንገረን፣ ምንም ይሁን ምን።

ማለዳ

ድምፅ አልባ፣ በጣም ደስ አለኝ። ማክሰኞ በጸሎት አስብሃለሁ።

እኔም ዛሬ ወደ ቀድሞው መሥሪያ ቤት ደውዬ እንደማልመለስ ነገርኳቸው። ስልኩን ስዘጋ እግሬ ተንቀጠቀጠ። ቀጥዬ ወደ አንዲት የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ደወልኩ፤ አረጋውያንን በየቤታቸው የሚንከባከቡ ነርሶችን የሚያሠለጥን ቦታ ነው የምትሠራው። ልቀጠርም ልማርም አላልኳትም። «ነገሩን አስረጅኝ» ብቻ ነው ያልኳት። ለሐሙስ ተቀጣጥረናል። በአዳማጭ ምክር መሠረት የምፈራውን በወረቀት ጽፌያለሁ፤ ሁለት መስመር ነው የሆነው። ከሐሙስ በኋላ ከሆነው ጋር አስተያይቼ እጽፍላችኋለሁ።